ክረምት ሲገባ ንባቡ የት ይሄዳል?

እስቲ ይቺን ቃል አንብቧት፦ «አለ»።

ጠበቀች ወይስ ላላች? «ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ አለ» ካልኩ ትጠብቃለች። «ነገ እመጣለሁ አለ» ካልኩ ትላላለች። ፊደሉ ግን ያው ነው፤ የቱ እንደሚጠብቅ የሚነግር ምልክት የለንም። «ገና»ም እንደዚሁ ነው፣ «ዋና»ም፣ «ሽፍታ»ም። እኛ አዋቂዎቹ ከዐረፍተ ነገሩ ተነስተን በቅጽበት እንለየዋለን። እንደለየን እንኳ አይታወቀንም።

አምና ጳጉሜን ላይ የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ከአንድ የተረት መጽሐፍ ያነብልኝ ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሦስተኛ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፦ «ውሻው ከበሩ አጠገብ አለ።» ጣቱን ፊደሉ ላይ እያሳረፈ ጀመረ። «ው... ሻ... ው። ከ... በ... ሩ።» «በ»ን አጠበቃትና የሆኑ ሰዎች የተከበሩ አስመሰለው። «አጠገብ»ን ሁለት ጊዜ ሞከራት። መጨረሻ ላይ «አለ»ን አላልቶ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አለ?»

«ማን?»

«ውሻው።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። እናቱ ግን አልሳቀችም። ቡናውን እየቀዳች «ኧረ ሰኔ ላይ እኮ እንደ ውሃ ነበር የሚያነበው! ምን ነክቶት ነው?» አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጁ አልታመመም፣ አልሰነፈምም። ሁለት ወር ምንም አላነበበም፣ በቃ። ግን እኛስ ሁለት ወር መኪና ባንነዳ ወይ እንጀራ ባንጋግር እንረሳለን እንዴ? እሱ ለምን ረሳ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንበብ ሁለት ሥራ ነው። አንዱ ፊደሉን መለየት፣ ሌላው ትርጉሙን መያዝ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሐሳብ ነው፤ ያ ሐሳብ ደግሞ የተወሰነ ነው። አዲስ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማርሽ ሲቀይር ወሬ ያቆማል። ሬዲዮውን ቀንሱልኝ ይላል። ከዓመት በኋላ ግን እያወራ፣ እየሳቀ፣ ትራፊኩን እየሰደበ ይነዳል። ማርሹን የሚቀይረው እጁ ነው፣ ሐሳቡ ነፃ ወጥቷል። ንባብም እንደዚያ ነው። ልጁ «ው... ሻ... ው» ሲል ሐሳቡን በሙሉ ፊደሉ በልቶታል። ለውሻው የተረፈ ነገር የለም።

በአማርኛ ይሄ ነገር ትንሽ ይብሳል። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር የሚለውን ሁሉ ተሸክመን እስከ አራት ነጥቡ እንጓዛለን፤ የሆነውን ነገር የምናውቀው እዚያ ስንደርስ ነው። በቀስታ የሚያነብ ልጅ ግሱ ጋ ሲደርስ መነሻውን ጥሎታል። ቃላችንም ረጅም ነው። «አልመጣላችሁም» አንድ ቃል ናት፤ ውስጧ ግን መምጣት አለ፣ እሱ አለ፣ እናንተ አላችሁ፣ አለመሆንም አለ። ለዚህ ነው ለእንግሊዝኛ የወጣውን «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚል መለኪያ እንዳለ አምጥቶ በአማርኛ ልጅ ላይ መጫን የማይሆነው።

ፊደሉም ቢሆን ቀላል ሸክም አይደለም። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። «ለ»ንና «ነ»ን ልጁ በየመስመሩ ያገኛቸዋል። «ጰ»ንና «ዧ»ን ግን ካላነበበ የትም አያያቸውም።

እንግዲህ ሹፌሩ መኪናውን የማይረሳው እጁ ስለለመደ ነው። ልጁ ግን ሰኔ ላይ ገና በመልመድ ላይ ነበር። ድስቱ ሊንተከተክ ሲል ከእሳት ወረደ። መስከረም ላይ እንደገና ሲጣድ ካቆመበት አይጀምርም፣ መጀመሪያ መሞቅ አለበት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከክረምት በኋላ ንባባቸው የሚደናቀፈውም ለዚህ ነው። ንባቡ የበሰለለት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ወር ባያነብ ማንበብ አይጠፋበትም፤ የሚቀርበት አዲስ ቃልና አዲስ እውቀት ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቀው ያጠኑት አሜሪካኖች ናቸው። የእነሱ ዕረፍት ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሀሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ 39 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ተማሪው ከዕረፍት የሚመለሰው በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደኋላ ብሎ እንደሆነ ጻፉ። ሒሳቡ ከንባብ ይብሳል። በንባብ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አገኙ፦ የደህና ኑሮ ቤተሰብ ልጆች እንዲያውም ትንሽ ጨምረው ሲመለሱ፣ የድሃ ልጆች ቀንሰው ይመለሳሉ።

ለምን? እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በባልቲሞር ከተማ ልጆችን ከአንደኛ ክፍል አንስተው ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች መልሱን በቧንቧ መስለው አስቀመጡት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ቧንቧው ለሁሉም ይፈስሳል፤ ሀብታሙም ድሃውም ተቀራራቢ እርምጃ ይራመዳል። ሲዘጋ ለሁሉም ይቆማል። ያን ጊዜ ልዩነቱን የሚፈጥረው ቤት ውስጥ ያለው ነው።

እነሱ እዚህ ላይ ምሳሌውን ጨረሱ። የአዲስ አበባ ሰው ግን ሊቀጥልላቸው ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚቸገረው ማን ነው? ሮቶ የሌለው ነው። ቧንቧውማ ለሁሉም እኩል ነው የሄደው። ቤት ውስጥ ያሉ መጻሕፍት፣ የሚያነብ አባት፣ «ምን አነበብክ?» የምትል አክስት፣ እነዚህ ሮቶ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴን ያሻግራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በዚያው በአሜሪካ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ፖል ቮን ሂፕል ያሉ ተመራማሪዎች የድሮዎቹን ፈተናዎች መርምረው፣ የባልቲሞሩ ውጤት በአዳዲሶቹ መለኪያዎች ሲታይ እንደዚያ ጎልቶ አይወጣም ብለዋል። ምን ያህል ይጠፋል፣ ልዩነቱስ በክረምት ነው ወይስ ቀድሞ የሚፈጠረው የሚለው ገና ያከራክራል። በዕረፍት ወራት ትምህርቱ እንደሚቀዘቅዝ ግን ሁለቱም ወገን ይስማማል። እኛም ምስክር አናጣም። መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት «ለ15 ቀን» ተብለው ሲዘጉና 15ቱ ቀን ወራት ሲሆን፣ የታችኛው ክፍል አስተማሪዎች ከተመለሱ በኋላ ምን እንዳገኙ ጠይቋቸው።

የእኛ አገር ጉዳይ ግን ከዚህም ይለያል። በ2002 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ነበር። ሁለተኛ ክፍል ካሉት ልጆች 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶዎቹ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። ሦስተኛ ክፍልን በሚጨርሱት እንኳ አንድ ቃል ማንበብ ያልቻሉት 20 በመቶ ያህል ነበሩ። ስለዚህ «ክረምት ንባቡን ወሰደው» ማለት ለብዙ ልጅ አይሠራም፤ መጀመሪያ የተሰጠው ነገር የለምና። ይህን ከ12ኛ ክፍል ፈተና ጋር በአንድ መስመር ማገናኘት ይከብዳል፣ መሀል ላይ ብዙ ነገር አለ። ግን የ2014ን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁላችንም ደነገጥን። ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ መልሱን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ እኔ ክረምትን እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ትርፍ ጊዜ ነው የማየው። ሐምሌና ነሐሴ ከጳጉሜን ጋር 65 ቀን ነው። ልጁ በቀን 15 ደቂቃ ቢያነብ 16 ሰዓት ያልፋል። በደቂቃ 30 ቃል ብቻ ቢያነብ እንኳ መስከረም 1 ሲመጣ ከ29 ሺህ ቃል በላይ አልፏል። በክፍል ውስጥ፣ ስልሳና ሰባ ልጅ በተቀመጠበት፣ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ የሚያነብበት ተራ በሳምንት ስንቴ ይደርሰዋል?

«ዕረፍት» የሚለው ቃል የከተማ ቃል መሆኑንም አንርሳ። በገጠር ሐምሌ የአረም ወር ነው። ልጁ ማሳ ላይ ነው፣ ወይ ከብት ጋር ነው፣ ወንዝ ሞልቶ ቤተ መጻሕፍት ካለበት ከተማም አያሻግርም። ለእሱ «በቀን አንድ ሰዓት አንብብ» ማለት ቀልድ ነው። ማታ፣ እሳት ዳር፣ 10 ደቂቃ ከተገኘች ትልቅ ነገር ናት።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ዝናቡ ልጁን ቤት ይዘጋበታል። ቤት ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ቴሌቪዥንና የእናቱ ስልክ። አቅም ያለው ወላጅ «ክረምት ኮርስ» ያስገባዋል። ኮርሱን አልቃወምም። ግን አብዛኛው የመጪውን ዓመት ሒሳብና እንግሊዝኛ ቀድሞ ማስጀመር ነው። እዚያ የሚዋለው ኖት ሲገለበጥ ነው። ልጁ ከትምህርት ወደ ትምህርት ይዛወራል እንጂ አያነብም።

ታዲያ ምን ይሠራል? እዚህ ጋ ነው ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው፣ እኔንም ጨምሮ። ከባድ መጽሐፍ እንገዛለን። ወፍራም፣ ቁም ነገር ያለው፣ «ለወደፊት የሚጠቅም»። ልጁ ሁለት ገጽ ሄዶ ያቆማል፤ እኛም «ማንበብ አይወድም» ብለን እንፈርድበታለን። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል ፍራንዘን የተባሉ ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ የድሃ ሰፈር ልጆችን ሰብስበው ለእያንዳንዱ በየክረምቱ 12 መጽሐፍ ሰጡ፣ ለሦስት ዓመት። የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ስለ ዘፋኝ የሚያወራ ቢሆን፣ ስለ ስፖርተኛ ቢሆን፣ የፈለጉትን። በሦስተኛው ዓመት ንባባቸው ካልተሰጣቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። የተገኘው ጥቅም የክረምት ትምህርት ከሚያመጣው ጋር የሚስተካከል ነው ብለው ጻፉ።

መጽሐፍ ሰጥቶ ዞር ማለት ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ጄምስ ኪም የተባለ ሌላ ተመራማሪ ልጆችን በዕጣ ከፋፍሎ ሞከረው። መጽሐፍ ብቻ የተሰጣቸው ምንም ካልተሰጣቸው ብዙም አልተለዩም። የተለዩት ከዕረፍቱ በፊት አስተማሪዎቻቸው እንዴት እንደሚያነቡ ያሳዩዋቸው፣ ቤት ውስጥ ለቤተሰብ ጮክ ብለው ያነበቡና ታሪኩን መልሰው እንዲናገሩ የተደረጉት ናቸው። ማለትም ሰሚ ያስፈልጋል።

ሰሚው ደግሞ የግድ የተማረ መሆን የለበትም። ፊደል ያልቆጠረች እናት «እስቲ አንብብልኝ» ትበል። ጣቱ ቃሉን እየተከተለ መሆኑን ትመልከት። ሲጨርስ «እና ምን ሆነ?» ትበለው። ከነገራት ገብቶታል፤ «እ... እ...» ካለ ፊደሉን ብቻ ነው ያነበበው፣ እንደገና ይሂድበት።

«እንደገና» የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ካወቃችሁ ጠይቁት። በቄስ ትምህርት ቤት አንድን ጽሑፍ አንድ ጊዜ አንብቦ ማለፍ የለም። መጀመሪያ ቁጥር ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ። ቀጥሎ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ያው ጽሑፍ፣ አራት ጊዜ፣ በአራት ዓይነት አነባበብ። ዳዊት ሲደርስም ልጁ 150ውን መዝሙር የሚመላለስበት እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጄይ ሳሙኤልስ የተባለ አሜሪካዊ «ልጆች አንድን አጭር ጽሑፍ እስኪቀላጠፉበት ደጋግመው ያንብቡት፣ ያ ቅልጥፍና ወደ ሌላው ጽሑፍም ይሻገራል» ብሎ ሲጽፍ እንደ አዲስ ዘዴ ተወሰደ። የኔታ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እላለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ዱላውም ነበረ፣ ትርጉሙን ያላወቁትን በቃል መያዙም ነበረ፤ እሱን መልሱት እያልኩ አይደለም። ድግግሞሹ ግን ትክክል ነበር። ልጃችሁ ያንኑ የጥንቸል ተረት ለስድስተኛ ጊዜ ሲያነብ «ሌላ አታነብም እንዴ?» አትበሉት። ስድስተኛው ላይ ነው ሐሳቡ ከፊደሉ የሚላቀቀው።

መጽሐፉ መክበዱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ገጽ ያንብብ፤ በሳተ ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። አምስቱም ጣት ገጹ ሳያልቅ ካለቀ መጽሐፉ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥ። በቋንቋውም ቢሆን ቸኩለን እንግሊዝኛ ላይ ባንወድቅ ይሻላል። ገና ፊደል እየለመደ ያለ ልጅ በሚያልምበት ቋንቋ ያንብብ። ማንበብ የሚባለው ነገር አንዴ ከገባው ወደ ሁለተኛው ቋንቋ አብሮት ይሄዳል። በተቃራኒው የቨርጂኒያ ወይም የሲያትል አበሻ ልጅ ማንበቡን በእንግሊዝኛ ጨርሶታል፤ የሚቀረው ፊደሉና ቃሉ ነው። የሰማውን ቃል ብቻ ነው ማጥበቅና ማላላት የሚችለው። እሱ ዘንድ ከመጽሐፉ በፊት ከአያቱ ጋር በስልክ ማውራት ይቀድማል።

መጽሐፍ ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ያለ ሰው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት፣ በ2014 የተከፈተው። ከ1936 ጀምሮ ያለው ወመዘክርም አለ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ከተከራከራችሁ በማኪያቶ ዋጋ የልጆች መጽሐፍ ይገኛል። ስልኩን መቀማት ካልቻላችሁ ደግሞ ስልኩ ይሥራ፦ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ላይና እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ አዲስ አበባ በተመረቀው «ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ» ላይ በአማርኛ የተዘጋጁ የልጆች ታሪኮች በነፃ አሉ። ከከተማ ራቅ ላለው መንገዱ ሌላ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረተው ኢትዮጵያ ሪድስ በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆች ያሉበት ድረስ ሲወስድ ነበር። ልጁ ወደ መጽሐፍ ካልመጣ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ ነው ነገሩ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ቅርብ ያለው ነው። ብዙ ትምህርት ቤት አነሰም በዛ የመጻሕፍት ክፍል አለው። ሰኔ 30 ላይ ይቆለፋል። መጽሐፉ ንብረት ነው፤ ከጠፋ ከደሞዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ቆጥራ፣ አስፈርማ፣ ትቆልፋለች። እሷ ላይ አልፈርድም። ግን አይጡና እርጥበቱ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ፊርማ ይዋሳሉ። ካርድ በሚሰጥበት ቀን ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መጽሐፍ በወላጁ ፊርማ ቢሰጠው ጥቂት ሊጠፋ ይችላል። ይጥፋ። ሳይነበብ መደርደሪያ ላይ ከሚያረጅ ልጅ ቤት ቢጠፋ እመርጣለሁ።

ምንም መጽሐፍ የለም? ዓመቱ ሲያልቅ በየቤቱ ግማሽ ባዶ የሆኑ ደብተሮች ይተርፋሉ። ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች አውጥታችሁ ስፏቸው። አያት «ተረት ተረት» ትበል፣ ልጁ «የላም በረት» ይበል። ነገ ጠዋት የሰማውን በራሱ እጅ ይጻፈው፣ ሥዕሉንም ይሣልበት፣ ማታ ለአያቱ ያንብብላት። ቃሉን ሁሉ ስለሚያውቀው ማጥበቁና ማላላቱ አያስቸግረውም። አያት ደግሞ ከተሳሳተ አታልፈውም፤ ተረቱ የእሷ ነው።

ወደ ውሻው ልመለስ። ያን ቀን ገጹን አላለፍነውም። መጀመሪያ እኔ አነበብኩለት፣ ከዚያ አብረን፣ ከዚያ እሱ ብቻውን። ሦስተኛው ላይ «ከበሩ» ተስተካከለች። አራተኛው ላይ ጣቱን አነሳና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፣ «አለ»ንም በደንብ አጠበቃት። ከዚያ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው።

«እና ምንም አላለም?» አለኝ።

«ምንም።»

«ቆይ፣ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ይናገር ይሆናል» ብሎ ገለጠው።